ለስመኝ የሠራኋቸው አርባ ካርታዎች

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለመሐሪ ባዬ፤

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። እማን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያማታል። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት «ከጾሙ በኋላ» ትላለች፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ያንተን ሰርግ ሰበብ ታደርጋለች። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ባለበት ቀን ይሠራል፤ በሌለበት ቀን ደጁ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አማለሁ። ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን የታሸገ ካርቶን ሹፌሩ ዘሚካኤል አዲስ አበባ ድረስ ይዞልህ ይመጣል፤ ከዚያ በሐዋሳ አውቶብስ ይልከዋል። በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ኔትወርኩ ግማሹን እየበላ ነው የሚያደርሰው፣ እኔ የምነግርህ ነገር ደግሞ ግማሹ ከተበላ ክፉ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሳልዞር ልንገርህ። ቀንቻለሁ። በሚስትህ፣ ወይም ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሚስትህ በምትሆነው በስመኝ ቀንቻለሁ።

የሰርጉን ዜና ስትነግረኝ አልቀናሁም። እልል አልሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው። በሳምንቱ ደውለህ «ቻይኔ፣ የካርታ ሳጥናችንን ላኪልኝ፤ ስመኝ መጫወት አምሯታል። ለጀማሪ የሚቀለው በአጋር መጫወት ነው፤ አርባ ካርታ መርጠሽ አዘጋጂላት፤ አጋር ላይ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» ያልኸኝ ጊዜ ነው የቀናሁት። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መታወቂያዋን አንድ ቅጂ ልታስገለብጥ የመጣች ሴትዮ ነበረች፤ አሥራ አንድ ቅጂ ሰጠኋት። «ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?» ብትለኝ «ይጠቅምሻል» አልኋት።

እስቲ አስበው መሐሪ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ካጠገብህ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። አባ ዘበኛ በነበሩበት ግቢ ይኖር የነበረው ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ለአባ ሲሰጣቸው፣ አንተ አሥር ዓመትህ ነበር፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። መዝገበ ቃላት ከትምህርት ቤት ተውሼ የጨዋታውን መጽሐፍም ካርታውንም አንድ ክረምት ሙሉ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። በኋላም ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ አማርኛውን በየካርታው ፊት ለጥፌ፣ ከቡሬ ባመጣሁት ፕላስቲክ አንድ በአንድ ያሸግሁት እኔ ነኝ። አሁን ወንበሬን ለሌላ ሰው ልቀቂ ተባልሁ። መልቀቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ወንበሩን ለሷ እንዲመች አድርጌ ጠርቤ እንዳቀርብ ነው የጠየቅኸኝ።

ፎቶዋንም ልከሃል። ጥርሷ ያምራል። ደጋግሜ ስላየሁት ነው የማውቀው። ሽሮም ትሠራላታለህ አሉ። እዚህ ሳለህ ውኃ እንኳ ራስህ ቀድተህ ስትጠጣ አላየሁም።

ጨዋታውን ልታስረዳት ስትል ነገር መዝለል እንደምትወድ ስለማውቅ እዚህ ላይ እኔ ልጻፍልህ፤ ታነብላታለህ። በዚህ ካርታ እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። ሁለትም ሦስትም ሆነን በአንድ ክፉ ሹም ላይ እንነሣለን፤ ወይ አብረን እናሸንፋለን፣ ወይ አብረን እንሸነፋለን። ሹሙን እማ «ጭቃ ሹሙ» ስለምትለው ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንለው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጀግና ይይዛል፤ ለጀግናውም የሚስማሙትን አርባ ካርታዎች ራሱ ይመርጣል። አንተ ቋጥኝ ነህ፤ ቋጥኝ እጁ ከባድ ነው፣ መከላከል ግን አያውቅም። እኔ ጠሪዋ ነኝ። ጠሪዋ በገዛ ክንዷ ብዙም አትመታም፤ መለከቷን ነፍታ አጋር ትጠራለች፣ አጋሮቹ ይመቱላታል። አጋር ለመጥራት ከእጅሽ ካለው ካርታ ላይ መጣል አለብሽ፤ ደካማው አንድ ሁለት ያስጥላል፣ ብርቱው አራት። ለዚሁ ብቻ የተሠሩ፣ ሲጣሉ አንዱ እንደ ሁለት የሚቆጠር ካርታዎችም አሉ። እነሱን እማ «ጠላ» ትላቸዋለች፤ ሰው ጠርቶ ማሠራት ያለ ጠላ አይሆንም ስትል።

እንግዲህ ኃጢአቴን ስማ።

መጀመሪያ የሠራሁላት ስብስብ ሲያዩት የሚያምር ነበር። ብርቱ ብርቱዎቹን አጋሮች በሙሉ ሰጠኋት። ባለ ሰባት ጋሻውን፣ ተራራ ተሸካሚውን፣ ነብር አሳዳጊዋን፣ አንተ ልጅ ሆነህ እኔ ልያዝ እያልህ ታለቅስባቸው የነበሩትን ሁሉ። ሃያ ሁለት አጋር ሆኑ። ጠላዎቹን ግን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ርካሾቹን አጋሮችም አወጣሁ። ካርታዎቹ እጇ ላይ ሲገቡ ሁሉም ግርማ ያለው ይሆናል፤ ስትጫወት ግን ማንንም መጥራት አትችልም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሸንፋ ይሰለቻታል፤ ትተወዋለች። አንተም አንድ ቀን «ከቻይነሽ ጋር እንዲህ አልነበረም» ትላለህ። የፈለግሁት እሱን ነበር። በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልዬ ስሟን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁበት።

ያዳነኝ የእማ ሥራ መፍታት ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ሥራ አጥታ ተቀመጠችና «እስቲ ያችን የሐዋሳዋን ልጅ ካርታ አምጫት፤ እኔ እሷን ልሁንና እንየው» አለችኝ። «ታሽጓል እኮ» ብላት «ያሸገ እጅ ይፈታል» አለች። ፈታሁት። እኔ ያንተን ቋጥኝ ያዝሁ፣ እማ ጠሪዋን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ስለሆነች ካርታውን ጮክ ብላ ነው የምታነበው፤ ታውቃታለህ። አንደኛው ተራ አለፈ፣ ማንንም አልጠራችም። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው አንድ አጋር ለመጥራት ያላትን ሁሉ ጣለችና እጇ ባዶ ቀረ። በአራተኛው ጭቃ ሹሙ ጠሪዋን ገደላት።

እማ ካርታዎቹን በሙሉ ፊታቸውን አዙራ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው። ቀስ ብላ ቆጠረች።

«ይች ልጅ ስንት ሰው ነው የጠራችው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ጠላው የታለ?»

ጎንበስ ብዬ የተዘረጋውን ካርታ ማስተካከል ጀመርሁ።

«አንች፣ ጠላው የታለ እያልሁሽ ነው።»

«አላስገባሁም።»

«ሃያ ሁለት ሰው ደቦ ጠርቶ አንድ ጋን ጠላ ያልጠመቀ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ያን ደጋሽ በአገር ፊት ሊያዋርደው የፈለገ ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንች ደግሞ ሞኝ አይደለሽም።»

«መሐሪን ልትወስደው ነው» አልኋት።

«ትውሰደዋ። ታዲያ ማን ይውሰደው? አንች ልታገቢው ነው?»

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ እንባዬ መጣ። እማ አላባበለችኝም። ካርታዎቹን እየሰበሰበች ስለ አያታችን፣ ስለ አባ እናት ነገረችኝ። እማ አባን አግብታ ወደ አገራቸው ገበዝ ማርያም የገባች ሰሞን አማቷ ውኃ ቅጂ ብለው እንስራ ሰጧት። እንስራው ከሥሩ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ነበር። ከምንጩ ቤት እስክትደርስ ግማሹ ጀርባዋ ላይ ፈሰሰ፤ ቤት ስትገባ አማቷ በሰው ፊት «እንስራውን እንዳዘልሽ መንገድ ላይ ተኝተሽ ነው የመጣሽ?» አሏት።

«ስንጥቁን እያወቁ ነው የሰጡኝ» አለች እማ። «በኋላ ደግ ሆኑልኝ። ሲታመሙም ያስታመምኋቸው እኔ ነኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ያችን እንስራ ግን ይሄው እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ያች ልጅም አትረሳልሽም። አሁን ካላወቀች ከዓመት በኋላ ታውቃለች፤ ጨዋታውን ስትለምድ የሰጠሻትን ታየዋለች።»

ይህን ሰምቼ እፍረቱ አጥንቴ ገባ። ካርታዎቹን እንደገና ጀመርሁ።

ደህና ስብስብ መሥራት ከክፉው ይልቅ ያደክማል። በመጀመሪያ ርካሽ አጋሮችን አስገባሁ፤ ገበሬው፣ ደወል ደዋዩ፣ ሁለቱ መንታ እኅትማማቾች። ቶሎ ይመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መትተው ይደክማሉ፣ በነሱ ቦታ ሌላ ይጠራል። በአንድ ጊዜ ከሦስት አጋር በላይ ማቆም ስለማይቻል፣ አራተኛ እንዲቆም የሚፈቅደውን «አዳራሽ» የሚባለውን ካርታ ሁለቱንም ሰጠኋት። የደከመውን የሚያበረታውን መድኃኒተኛ ጨመርሁ። ከብርቱዎቹ ሦስት ብቻ አስቀረሁ። ጠላውን ዘጠኝ አደረግሁት፤ እማ «አሥር አርጊው፣ ሳይጠራ የሚመጣ ሰው አይጠፋም» አለችና አሥር ሆነ።

ግን ካንተ ቋጥኝ ጋር ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሱቁ ሥራ በሌለው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያንተንም የሷንም እጅ ራሴ ይዤ ተጫወትሁ። ያንተን እጅ ስይዝ አንተ እንደምትጫወተው ነበር የምጫወተው፤ አልዋሽህም፣ በደንብ ነው የማውቀው። አንተ ያለህን ሁሉ በመጀመሪያው ተራ ታወርዳለህ። ለሚቀጥለው አንድ ካርታ እንኳ አታስተርፍም። ጭቃ ሹሙን መምታት እንጂ ጭቃ ሹሙ የሚሸርበውን፣ በየተራው እየሞላ የሚሄደውን ሴራ ማየት አትወድም፤ ሴራው ሞልቶ ስንሸነፍ «እንዴ» ትላለህ። ሲጨንቅህ የግራ ጆሮህን ትነካለህ፤ ያኔ እጅህ ባዶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለስመኝ ሴራ የሚያፈርሱ ሁለት አጋሮች አስገባሁላት፤ ሰላይዋንና መነኩሴውን። አንተ ባዶ እጅህን በምትቀርበት ተራ የሚደርሱ ሦስት ካርታዎችም አሉ። አርባዎቹ ተራ በተራ ቢታዩ አንተን የማወቅ ጉዳይ ናቸው።

አሁን ያስቀናኝን በትክክል ልንገርህ። ይህን ሁሉ ለማወቅ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታገኘዋለች፣ ያውም ተጠርዞ። መልኳና ጥርሷ የራሷ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርክላት። ይሄኛው ግን የኔ ነበር።

ሌላም የደበቅሁህ ነገር አለ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ከሹሞቹ ሁሉ የከፋው የመጨረሻው ጭቃ ሹም ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ እንሸነፍ ነበር። አንተ «እድላችን ነው» ትል ነበር። እድል አልነበረም። የጨዋታው መጽሐፍ ላይ፣ ሹሙ ጀግናውን ሊመታ ሲል አጋር ከፊት ቆሞ ምቱን ሊቀበልለት ይችላል የሚል አለ። ለራስሽ ጀግና ብቻ ሳይሆን ባጠገብሽ ላለውም ጀግና አጋርሽን ከፊት ማቆም ትችያለሽ ይላል። ያን ክረምት እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ አባ ከሥራ ገብተው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እግራቸውን ከውኃው አወጡና፣ «ለደቦ የጠሩትን ሰው ለዱላ ያቀርቡታል? ሊረዳሽ በመጣ ሰው ደም ልትድኚ? እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ አይጻፍም፤ ሰርዥው» አሉኝ።

ሰረዝሁት። አንተ የተማርኸው እኔ ከጻፍሁት አማርኛ ስለሆነ አላወቅህም። በዓለም ላይ ይህን ጨዋታ ምቱን ሁሉ ራሳቸው እየጠጡ የሚጫወቱ ሰዎች ቢኖሩ የባዬ ልጆች ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አባ ካረፉ በኋላም ልነግርህ እያልሁ፣ የሳቸውን ቃል ማፍረስ መስሎኝ ተውሁት።

አሁን ግን ሳጥኑ ከቤታችን ስለወጣ ስመኝ ትክክለኛውን ትማር። የተሰረዘውን አማርኛ መልሼ ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ከእማ ጋር በትክክለኛው ደንብ ሞከርነው። እማ አጋር ከፊት ማቆም ከብዷት ነበር፤ አንዱን ባቆመች ቁጥር ካርታውን ይዛ «ይቅር በለኝ የኔ ልጅ፣ ቤተሰብህን እጠይቃለሁ» ትለው ነበር። ገበሬውን ስታቆምማ «ይሄስ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም» ብላ መልሳ አነሣችውና መነኩሴውን አቆመች። በዘጠነኛው ተራ የመጨረሻው ጭቃ ሹም ወደቀ። በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍን፤ አንተ በሌለህበት፣ በስመኝ ቦታ እማ ተቀምጣ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ አላወቅሁም። ተነሥቼ ሱቁን ከፈትሁ።

ሳጥኑን በሙሉ ልኬልሃለሁ። ምንም አላስቀረሁም። የመጀመሪያው ስብስብ የት ገባ ብለህ እንዳትጠይቅ፤ ፈርሶ ከሌላው ተቀላቅሏል። ሰርግህ ላይ መንገድ ከፈቀደ እማን ይዤ እመጣለሁ። መንገድ ባይፈቅድም ዘሚካኤል በሌላ በኩል ዞሮም ቢሆን እወስዳችኋለሁ ብሎ ምሎልኛል፤ እሱ ሲምል ደግሞ እማ ታምነዋለች። ስመጣ ከስመኝ አጠገብ እንዳታስቀምጡኝ። በሁለተኛው ቀን ይሻለኛል።

የእማ ምርቃት እንደነገረችኝ ይኸው፤ «የገባህበት ቤት ይሙላልህ፣ የያዝኸው ይባረክልህ፣ ጠርተህ የሚመጣልህ ሰው አያሳጣህ።» እኔም አሜን ብያለሁ።

ከኋላ ያለችው ገጽ የስመኝ ናት። በስቴፕለር የዘጋኋት አንተ እንዳትከፍታት ነው። ስፌቱን ቈጥሬዋለሁ፤ ስድስት ነው። ከፍተህ ብትመልሰው ስመኝ ቀዳዳውን ታየዋለች።

እኅትህ
ቻይነሽ ባዬ

*

ለስመኝ፤

አላውቅሽም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላንቺ ሳስብ ስለከረምሁ ግን የማውቅሽ ይመስለኛል። አልወደድሁሽም ነበር። አሁንም ገና ነኝ፤ ጊዜ ስጪኝ። ካርታዎቹ ግን ደህና ናቸው፤ ለዚህ እናታችን እናኑ ምስክሬ ናት።

አንድ ነገር መጽሐፉ ላይ የለም፤ እኔ ልንገርሽ። ምት ወደ መሐሪ ሲመጣ «ተይው፣ እኔ እችለዋለሁ» ይልሻል። አይችለውም። አትከራከሪው፤ አጋርሽን ከፊቱ አቁሚ። ስታቆሚ ግን ማንን እንዳጣሽ አታሳዪው። ያችን አጋር ለመጥራት ስንት ካርታ ጥለሽ እንደነበርም አትንገሪው። ካወቀ ልቡ ይሰበራል፣ እጁ ይታሰራል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ አይመታም። ካርታዋን ከክምሩ ሥር ክተቻትና «ያንተ ተራ ነው» በይው።

ስለኔም ሳይነግርሽ አይቀርም። አባታችን በሞቱ ዓመት ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን ተምረን አንዳችን ሥራ መግባት ነበረብን። እሱ «እኅቴ አሥረኛ ክፍል ወድቃ ነው የቀረችው» ይልሻል። ውጤቴን ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ ወረቀቱን ከኔ ሌላ ያየው የለም። እንደዚያው ይበል።

አደራሽን፣ አታርሚው።

ቻይነሽ